ያዳናት ከበሮው አይደለም

ሰሞኑን አራት የቀድሞ ተማሪዎቼ አንድ ቪዲዮ ላኩልኝ። አንዱማ «ቲቸር፣ ይሄን ሳያዩ እንዳይተኙ» ብሎ ነው የላከው። አየሁት። ሳላየው ብተኛ ይሻለኝ ነበር።

ቪዲዮው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከኋላ በክራር የባቲ ቅኝት ይንቆረቆራል። ከፊት አንድ ድምፁ የሚያምር ሰው «ሙዚቃ የምግብ አለርጂን እንደሚያድን የጃፓን ሳይንቲስት አረጋገጠ፤ እኛ ግን ድሮም እናውቀው ነበር» ይላል። ከዚያ ዛሩን፣ ከበሮውን፣ አራቱን ቅኝቶች ይደረድራል። ማሰሪያው «ኪኒኑን ትታችሁ ወደ ዜማችሁ ተመለሱ» የሚል ነው። ከስሩ ልብ፣ እሳት፣ ባንዲራ፣ «ኩራታችን!»።

ይሄ ብቻ ቢሆን ዝም ብዬ አልፈው ነበር። ፌስቡክ ላይ ስንቱን አልፌዋለሁ። ያላሳለፈኝ፣ ያጋራው ልጅ ከላዩ የጻፈባት አንዲት መስመር ናት፦ «እኛም ሰፈር ባለፈው ጥር በዓይናችን አይተናል፤ ልጅቷን ያዳናት ከበሮው ነው»።

እኔም እዚያ ነበርኩ። እንግዲህ እንነጋገር።

ከኮቦ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ሰርግ ተጠርቼ ነው። ዳሱ ጢም ብሏል፣ ከበሮው ይደለቃል፣ ጎረምሶቹ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ይዘላሉ። የራያ ሰርግ ያየ ያውቀዋል፤ ጉማዬ ሲጀመር የተቀመጠ ሽማግሌም ጉልበቱ አያርፍም። አጠገቤ አንዲት ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ከእናቷ ስር ቁጭ ብላ ቆሎ ትቆረጥማለች። ገብስ፣ ሽንብራ፣ ሱፍ፣ በመሃሉም ለውዝ አለበት። ትንሽ ቆይታ ከንፈሯን ማከክ ጀመረች። ከንፈሯ ንብ የነደፈው መሰለ። አንገቷና ደረቷ ላይ ቀያይ ዕብጠት ተረጨ። አስመለሳት። ከዚያ ድምጿ ጎረነነ። ስታስል የትልቅ ሰው ሳል ነው የሚመስለው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያቺን ሳል እስከ ዛሬ እሰማታለሁ።

አንዷ «በዓይን ተበላች፣ ቡዳ ነው፣ ጢስ አምጡ!» አለች። ጉሮሮዋ እየጠበበ ላለ ልጅ ጢስ! ሌላው «ምች ነው፣ ዳማ ከሴ» አለ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ልጅ፣ ያው ቪዲዮውን ያጋራው፣ «አታስደንግጧት፣ ስትረጋጋ ይለቃታል፣ ከበሮውም አይቁም» አለ። ከዚህ ሁሉ አዋቂ መሃል ማንንም ያላማከረው አጎቷ ብቻ ነበር። ልጅቷን አቅፎ ባጃጅ ውስጥ ገባ፣ እኔም ተከትዬ ዘልዬ ገባሁ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሲስተሯ አንዴ አየቻት፣ ሁለት ጥያቄ ጠየቀች፣ ጭኗ ላይ አድሬናሊን ወጋቻት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልጅቷ አንድ እግር ጫማዋ የት እንደወደቀ ትጠይቀን ነበር።

እንግዲህ ከበሮው ያኔም ይመታ ነበር፣ ከሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ።

ወንድሜ፣ ስምህን አልጠራም። ጎበዝ ተማሪዬ ነበርክ፣ አሁንም እወድሃለሁ። ግን አንተ ያን ቀን ዳሱ ውስጥ ቀርተሃል። ያየኸው ታማ ስትሄድና ድና ስትመለስ ነው። መሃሉን ያየነው አጎቷ፣ እኔና ሲስተሯ ነን። መሃሉን ያላየ ሰው «በዓይናችን አይተናል» አይልም።

ወደ ጃፓኑ ልመለስ፤ ሰውየው በእርግጥ አለና። ሃጂሜ ኪማታ የሚባል የአለርጂ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጥናት ለላቴክስ፣ ማለትም የሕክምና ጓንት ለሚሠራበት የዛፍ ጎማ፣ አለርጂ ያለባቸውን ታካሚዎች ሞዛርት አሰማቸው። ከዚያ የቆዳ ፍተሻ አደረገላቸው። የቆዳ ፍተሻ ማለት የሚያስቆጣውን ነገር ክንድ ላይ ጠብ አድርገህ ቆዳውን በመርፌ ጫፍ ጫር ታደርግና፣ የትንኝ ንክሻ መስሎ የሚነሳውን ዕብጠት የምትለካበት ነው። ሞዛርት የሰሙት ዕብጠታቸው አነሰ። ቤትሆቨን ሲሰሙ ግን አላነሰም።

አሁን ቪዲዮው ያልነገራችሁን ልንገራችሁ።

አንደኛ ነገር፣ ጥናቱ ስለ ምግብ አይደለም። ስለ ጎማ ነው። ከምግብ ጋር የሚያገናኘው አንድ ቀጭን ክር አለ፤ ለላቴክስ አለርጂ ካለባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያም ሲበሉ አፋቸውን ያሳክካቸዋል፤ በእነዚህ ፍሬዎች ውስጥ ያለው ፕሮቲን የጎማውን ስለሚመስል ሰውነት ይምታታበታል። (ጓንት ስታጠልቁ እጃችሁ የሚያብጥባችሁ ነርሶችና የፅዳት ሠራተኞች፣ ይቺን ያዙልኝ።) ግን በዚያ ጥናት ማንም ሙዝ አልበላም። ለውዝ የበላ የለም፣ እንቁላል የበላ የለም፣ ጉሮሮው የተዘጋ የለም።

ቪዲዮውን የሚያፈርሰው ሌላው ነገር እዚያው ወረቀት ላይ ነው ያለው። ኪማታ ላቴክሱን ብቻ አይደለም የፈተነው፤ ሂስታሚንንም ቆዳቸው ላይ ጠብ አድርጓል። 10ኛ ክፍል ያስተማርኳችሁን ካልረሳችሁት፣ አለርጂ ያለበት ሰው ደሙ ውስጥ አይጂኢ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል አለ። እሱ ማስት ሴል በሚባሉ ሕዋሳት ላይ እንደ ዘበኛ ይቀመጣል። ለውዙ ሲመጣ ዘበኛው «ሌባ!» ይላል፣ ሕዋሱም ሂስታሚኑንና ሌላውን ሁሉ ይረጨዋል። የሚያሳብጠው፣ የሚያሳክከው፣ ደም ግፊቱን የሚጥለው ያ የተረጨው ነው። ኪማታ ሂስታሚኑን ራሱን ሲሰጣቸው ሞዛርት ዕብጠቱን አልቀነሰውም። ያቺ ልጅ ዳሱ ውስጥ ከንፈሯ ሲያብጥ ሂስታሚኑ ከወጣ ቆይቷል። እንግዲህ የራሳችሁ ማስረጃ የሚለው ይሄንን ነው፤ ከወጣ በኋላ ሞዛርትም አይመልሰው።

ደግሞስ ሞዛርት ሠርቶ ቤትሆቨን ካልሠራ፣ የሰርግ ከበሮ ከየትኛው ወገን ነው? ማን ለካው?

ስለ ኪማታ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰውየው ደስ ስለሚለኝ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ታካሚዎቹን የቻርሊ ቻፕሊንን «ሞደርን ታይምስ» አሳይቶ የቆዳቸው ዕብጠት እንዳነሰ ጽፏል። መሳሳም ስለሚያመጣው ለውጥም አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ኢግ ኖቤል የሚባለውን፣ መጀመሪያ አስቆ ቀጥሎ ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጠውን ሽልማት ተጋርቷል። በዚያው በሞዛርቱ ዓመት ደግሞ ሌላ ነገር አሳትሟል፤ ደጋግሞ የሚጮህ ሞባይል የአለርጂውን ዕብጠት እንደሚያብሰው። አያችሁ? ሙዚቃ ያድናል የሚለውን በሞባይል እያንጫረራችሁ ስትልኩልኝ፣ ሰውየው ሞባይሉን ነው የከሰሰው። ይቺን ግን ማንም አላጋራትም።

ፍርደ ገምድል እንዳልባል፣ ልክ የሆነውንም ልመስክር። ጭንቀትና አለርጂ ይተዋወቃሉ። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ሰዎችን በሕዝብ ፊት ንግግር አስደርገው፣ በአስቸጋሪ ሒሳብ አስጨንቀው ቆዳቸውን ሲፈትሹ፣ የሚጨነቁት ሰዎች ዕብጠታቸው ጨምሮ ተገኝቷል። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1886፣ ባልቲሞር የነበረ ማኬንዚ የሚባል ሐኪም ጽጌረዳ የሚያስነጥሳት ሴት ሰው ሠራሽ ጽጌረዳ ስታይም ማስነጠስ እንደጀመራት ጽፏል። ጭንቅላት ከቆዳ ጋር ይነጋገራል። ማንም የካደው የለም። አቶፒክ ኤግዚማ ያለበት ልጅ ማታ ሲያሳክከው እናቱ እሹሩሩ ብትለው ይቀለዋል፣ ያነሰ ያካል፣ ይተኛል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ማሳከክ ቀለለለት ማለትና በለውዝ ከሚመጣ ሞት ዳነ ማለት፣ በሆርማት ውሃ ተጣጠበና በጎርፉ ተሻገረ እንደማለት ነው።

የቆዳ ዕብጠት ራሱ በሽታው አይደለም። ለዚህ ማስረጃ ጃፓን መሄድ የለብንም፣ ጅማ ይበቃናል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት አለ። የገጠሩ ሰው ቆዳው በቤት አቧራ ውስጥ ላለችው ደቂቅ ነፍሳት ምላሽ ይሰጣል፤ አስሙ ግን የበዛው በከተማው ነው። ቆዳው እያበጠ ያልታመመ አለ ማለት ነው። እንግዲህ የቆዳ ዕብጠት በሁለት ሚሊ ሜትር አነሰ ተብሎ «ዳነ» የሚባልበት ምን ምክንያት አለ? በዚያው አጋጣሚ «አለርጂ የፈረንጅ በሽታ ነው» ለምትሉትም ጅማ መልስ ትሆናለች።

እኔ እንደሚመስለኝ ያሳሳተን ቋንቋችንም ነው። «ቆዳዬ ተቆጣ» እንላለን፣ «ሰውነቴ ተቆጣ» እንላለን። የተቆጣን ደግሞ ምን ያበርደዋል? ልመናና ዜማ። የሳኦልን መንፈስ የዳዊት በገና እንዳሳረፈው ሁሉም ሰምቷል። ስለዚህ ቪዲዮው ጆሯችን ላይ ሲደርስ ቦታው ተነጥፎ ነው የጠበቀው። ማስት ሴል ግን አይቆጣም፣ አይለመንም፣ ክራርም አይሰማም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይሄንን እንኳን ቪዲዮው የሠራው ሰው የሚያውቀው አይመስለኝም። ሙዚቃ በእኛ አገር ተኝቶ የሚሰማ ነገር አይደለም፣ ይጨፈርበታል። አለርጂ ያለበት ሰው የማይስማማውን በልቶ ሰውነቱን ካደከመ፣ ከሮጠ፣ ከዘለለ፣ ጠላ ወይ አረቄ ከጨመረበት፣ ለሌላ ጊዜ ቀላል የሚሆንለት ምላሽ ሊከብድበት ይችላል። ስንዴ በልቶ ቁጭ ካለ ምንም የማይሆን፣ ስንዴ በልቶ ከሮጠ ግን የሚወድቅ ሰው አለ፤ በሕክምናው የታወቀ ነገር ነው። እንግዲህ ዳሱን አስቡት። በልተህ፣ ጠጥተህ፣ ጉማዬ ገባህ። «ከበሮው አይቁም» ማለት ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ፈራጁ እናንተ ናችሁ።

አሁን «ባህልህን ናቅህ» የምትሉኝን እሰማችኋለሁ። እስኪ ስለ አያቴ ልንገራችሁ።

አያቴ እንቁላል ባለበት አትደርስም ነበር። «ውቃቢዬ አይወድም» ነው የምትለው። በፋሲካ ዶሮ ወጥ ሲሠራ ለእሷ በሌላ ድስት፣ በሌላ ማማሰያ የበግ ወጥ ይሠራላታል። ልጅ ሳለች፣ እሷ እንደነገረችኝ፣ እንቁላል በልታ ፊቷ አብጦ ዓይኗ ተከደነ። ባለ ዛር ዘንድ ወሰዷት። ቡና ተፈላ፣ ዕጣን ጨሰ፣ ከበሮ ተመታ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተጨበጨበ። ሲነጋ ዕብጠቱ ጎደለ። ባለ ዛሩም ውቃቢዋ እንቁላል እንደማይወድ ተናገሩ። ይሄ የራያ ወይ የወሎ ብቻ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጎንደር ላይ እ.ኤ.አ. በ1932 ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ ከዛር ቤት ቁጭ ብሎ ደብተር ሙሉ ጽፏል።

ባዮሎጂ ተምሬ ስመለስ ሳቅኩባት። አሁን ሳስበው ግማሹን በስህተት ነው የሳቅኩት።

እንዲህ ነው። በቆዳ ላይ የወጣ የአለርጂ ዕብጠት ጉሮሮን ካልያዘ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከበሮ ተመታለትም አልተመታለትም በሰዓታት ውስጥ ወይ በቀን ይጎድላል። ያን ሌሊት ዝም ብላ ብትተኛም ጠዋት ይጎድልላት ነበር። ዕድለኛ ነበረች፣ ጉሮሮዋን አልያዘውም። ስለዚህ በከበሮው የሳቅኩት ልክ ነው። ግን ባለ ዛሩ የሰጡት ትእዛዝስ? «እንቁላል አትንኪ»። ዛሬ የአለርጂ ስፔሻሊስት ዘንድ አዲስ አበባ ብትሄዱ የመጀመሪያው ትእዛዝ ምንድነው? የማይስማማህን አትንካ። ከበሮው አንድ ሌሊት ተመታ። ክልከላው ግን ስልሳ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሠራ። አያቴን እስከ እርጅናዋ ያደረሳት ክልከላው ነው።

ቪዲዮው ምን አደረገ? ከድሮው ሥርዓት የሚያምረውን፣ ለካሜራ የሚመቸውን ከበሮውን ወሰደ። የሚሠራውን፣ ክልከላውን፣ ጣለው። እንዲያውም «ዜማ ካዳመጣችሁ ያሻችሁን ብሉ» የሚል ነው መንፈሱ። ባህልን የናቀው እንግዲህ ማነው? እኔ ነኝ ወይስ የአያቴን መድኃኒት ወርውሮ ማሸጊያውን የሸጠው?

ውቃቢው ሌላም ጥቅም ነበረው። አያቴን ማንም በግድ አያጎርሳትም። ውቃቢ ያለባትን ሴት ማን ደፍሮ «በሞቴ» ይላል? እንቁላል ጠቅልሎ ሊያጎርሳት የሞከረ እንግዳ እጁን በአየር ላይ ነው የሚይዙት። ዛሬ አንዷ ወጣት «አለርጂ አለብኝ» ብትል ምን ትባላለች? «ፈረንጅ ሆነች»። «ለእኛ ጊዜ ሆነ እንዴ የምትመርጪው»። «አፈር ስሆን፣ አንዲት ጉርሻ ምን ታደርጋለች?» አንዲት ጉርሻ የምታደርገውን ያን ቀን አይቻለሁ። ለውዝ ለማይስማማው ሰው ጉርሻም አታስፈልግም፣ ሁለት ፍሬ ትበቃለች። ለውዙ በተፈጨበት ወፍጮ፣ በተጠበሰበት ዘይት፣ በተማሰለበት ማንኪያም ይመጣል።

ለምን እንዲህ እንደሆንን ይገባኛል፣ በዚህስ አልፈርድም። ጥቅምት 1977 ቢቢሲ ለዓለም ያሳየው ኮረም ከሜዳችን ቀና ስትሉ የሚታየው ተራራ ላይ ነው። ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዚያ ዓመት «ይሄ አይስማማኝም» የሚል ሰው አልነበረም፣ ሊኖርም አይችልም። የመጣውን ዱቄትና ዘይት እየሳምን ነው የተቀበልነው። ከዚያ የወጣ ሕዝብ ምግብ የሚመርጥ ሰው ሲያይ ቢያንገሸግሸው አይደንቅም። እናቴ እስክትሞት ድረስ የእንጀራ ፍርፋሪ መሬት ላይ አታሳድርም ነበር። የተሰጠህን አትበላም ማለት ለእሷ እግዜርን መሳደብ ነው። ይሄንን አውቃለሁ፣ አከብራለሁም። ግን በረሃብ የመጣ ትምህርት በጥጋብ ቀን ልጅ ሊገድል አይገባም። በጾም ወራትም እንደዚሁ። ሽሮና ምስር የማይስማማው ልጅ እኮ አለ። ሽሮ ደግሞ በእኛ አገር ከሁሉም ጥራጥሬ የተደበላለቀ ስለሆነ የትኛው እንዳስቆጣው ለማወቅ እናትየዋ መርማሪ ፖሊስ መሆን አለባት። እሷን «ልጇን አሞላቀቀች» እያልን ነው የምናግዛት።

ልጅቷን ያዳነው መድኃኒት ምን እንደሆነ ደግሞ እንወቀው። አድሬናሊን ነው። ሰውነታችን ስንደነግጥ ራሱ የሚያመነጨው ነገር፣ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ፣ አንድ ሚሊ ግራም በአንድ ሚሊ ሊትር። የጭን ጡንቻ ላይ ይወጋል፣ በጎን በኩል መሃሉ ላይ። ለሕፃን በኪሎው ነው የሚሰላው፤ ባለሙያ ያውቀዋል። የጠበበውን የአየር መንገድ ይከፍታል፣ የወደቀውን ደም ግፊት ያነሳል፣ ሕዋሳቱ ተጨማሪ ሂስታሚን እንዳይረጩ ይገታል። ካልተሻለ ከአምስት እስከ ሩብ ሰዓት ባለው ውስጥ ይደገማል። ለማሳከክ ፋርማሲ የምትገዟት ኪኒን የእሱን ሥራ አትሠራም፤ ለቆዳው ነው የምትጠቅመው። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች እንደ እስክሪብቶ ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት የሚዞሩት መሣሪያ አለ። እኔ በዕድሜዬ ኮቦ ውስጥ አንድም አላየሁም። ስለዚህ ለእኛ ያለን ጤና ጣቢያው ነው፣ ያለን ደቂቃ ነው። ታማሚውን አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉት፣ መተንፈስ ካቃተው ቁጭ ይበል፣ ግን አቁማችሁ አታስሩጡት። ጢሱን ተዉት። ከተሻለው በኋላም ቶሎ ወደ ቤት አትውሰዱት፣ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስበት ይችላልና።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ለምን መሰላችሁ? የኮቦን ቪዲዮ የሚያይ ሰው አዲስ አበባ ካየው ሰው ጋር አንድ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው «አሃ፣ ደስ ይላል» ብሎ ያልፈዋል፣ ሆስፒታሉ መንገድ ማዶ ነው። ዞብል ተራራ ጥግ ያለች እናት ግን ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው ያላት። ከሃያው አሥሩን ለቡዳው፣ አምስቱን ለዳማ ከሴው ከሰጠች፣ የቀረቻትን አምስት ደግሞ ቪዲዮው ነው የሚወስድባት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፣ ከዚህ የምትሠሩት ሥራ አለ። በጦርነቱ ጤና ተቋሞቻችን ስንት ነገር አጡ። እየተመለሰ ባለው መሃል ብልቃጧ መኖሯን ጠይቁ፣ ጊዜዋ አለማለፉን እዩ። የምክር ቤት አባል የሆንከው ደግሞ፣ አንተም ራስህን ታውቃለህ፣ ስለ መንገዱ ስትናገር ስለዚችም አንድ ቃል ጣል አድርግ።

ሙዚቃን እንደማልጠላ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። የማሪቱ ለገሠን አምባሰል ሰምቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። አምባሰል ዘፈን ከመሆኑ በፊት ተራራ ነው፣ ባቲ ቅኝት ከመሆኗ በፊት ሰኞ ሰኞ ገበያ የሚቆምባት ከተማ ናት። እነዚህ ስሞች ክብራቸውን ለማግኘት መድኃኒት መሆን አያስፈልጋቸውም። ልጅ ሲከተብ እናቱ ብታንጎራጉርለት ሕመሙ ይቀልለታል፣ ያቺ ልጅም መርፌዋን ከተወጋች በኋላ አጎቷ ጆሮዋ ስር ሲያዜምላት ነው ማልቀሷን ያቆመችው። አየህ፣ ወንድሜ፣ ዜማ ነበረ። ከመርፌው በኋላ ነበረ።

ቪዲዮውን አጥፋው አልልህም። «ልጅቷን ያዳናት ከበሮው ነው» ያልከውን ግን አስተካክለው፤ የሲስተሯን ስም እንኳ ባትጽፍ «ጤና ጣቢያ ወስደዋት ነው» በል። አብሽር፣ ማንም አይስቅብህም።

ባለፈው ሳምንት ሮቢት ሌላ ሰርግ ነበር። ልጅቷና እናቷም መጥተዋል። ልጅቷ አንገቷን አስግጋ ጭፈራውን ታያለች፣ እግሯ መሬት እየመታ ነው። አንዲት ትልቅ ሴት ቆሎ በእፍኛቸው ይዘው ሊሰጧት ጎንበስ ሲሉ እናትየዋ እጃቸውን ያዘች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለውዝ አይስማማትም። ሐኪም ከልክሏታል።»

«ኧረ በሞቴ! ለልጅ ቆሎ ምን ያደርጋታል? አንዲት ፍሬ!»

«አይሆንም እትዬ።»

ሴትዮዋ ትንሽ ተቀየሙ። ከዚያ ልጅቷን ትኩር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ውቃቢ አለባት እንዴ?» አሉ።

እናትየዋ ወደ እኔ አየች። 31 ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ጠላዬን አንስቼ አንድ ጊዜ ጎንጨት አልኩ።

«አዎ፣ አለባት» አለች እናትየዋ።

እፍኙ ወዲያው ተመለሰ። እስከ ማታ ድረስ ማንም አንዲት ፍሬ አላቀረበላትም።